የወር አበባዬ ተመለሰ፣ ያውም በኃይል

ዛሬ ደሴ ለክትትል ሄጄ ነበር። ሐኪሟ የልብ ምቴንና ኪሎዬን አይታ ስትጨርስ "የወር አበባሽስ?" አለችኝ። ተመስገን፣ በመጨረሻ የጠየቀኝ ሰው ተገኘ!

አንገቴ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢዬ ከልክ በላይ ሲሠራ የወር አበባዬ ጠብ ብሎ ይጠፋ ነበር። አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ግን ተመልሶ መጣ፤ ሞዴስ አልበቃ አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አትሉም? እኔ ደግሞ እንቅርቱ የምር አለኝ 😂

ነገሩ እንዲህ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የወር አበባ ይቀንሳል፣ ይዘላል። መድኃኒቱ ሆርሞኑን ሲያወርደው ዑደቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ትንሹን ለለመደ ሰው ጤነኛውም ብዙ ይመስላል። ግን መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ ሆርሞኑ ያንሳል፤ ያኔ ደሙ ይበዛል፣ ቀኑም ይረዝማል። ድካም አለ፣ ብርድ ብርድ ይላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የደም ምርመራ ነው። የታይሮይዱን ሥራ የሚያሳዩት ቲኤስኤችና ቲ ፎር የሚባሉ ምርመራዎች፣ ከደም ማነስ ምርመራ ጋር ታዘዙልኝ።

"በራስሽ እንዳታቆሚው" አለችኝ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ግን መድኃኒቱን ትቼ በዚያው ቀን መሄድ አለብኝ፤ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል። እርግዝና ካሰብኩም ቀድሜ ልነግራት ነው፣ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል።

ማታ ቡና ላይ ለጎረቤታችን ለእትዬ ነገርኳቸው። "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። የእሳቸው እንቅርት ከእኔ ይበልጣል፣ ተመርምረው ግን አያውቁም። ውጤቴን ስወስድ አብረን እንሄዳለን።