የዱቤ ደብተሩ

የዘጠኝ ወር ሪፖርት የቀረበበት ቀን ነበር። በአንድ የመንግሥት የሥራ ደህንነትና ጤንነት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኜ ከተሾምኩ ዓመት አልሞላኝም። አዳራሹ ሙሉ ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ግራፍ ይታያል። የሥራ ላይ አደጋ ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ቁልቁል ወርዷል። አመራሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጨበጨበልን። የምሬን ነው፣ ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ የሰው ሕይወት ያተረፍኩ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከንክኖኝ ነበር። ሁሉም ተቆጣጣሪዎች ያመጡት የአደጋ ቁጥር ሲቀንስ የአንዷ ጨምሯል። እዚያው ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሌላው ሲቀንስ ያንቺ የሚጨምረው ለምንድን ነው?» አልኳት። ድምፄ የጥያቄ አልነበረም፤ የወቀሳ ነበር። አልተከራከረችኝም። ማስታወሻዋን ዘግታ ዝም አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን አብረውኝ ፊልድ ይውጡ። ግን ደብዳቤ ሳንልክ።»

ስለ ደብዳቤው ልንገራችሁ። ሕጉ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በማንኛውም የሥራ ሰዓት፣ ቀድሞ ሳያሳውቅ ወደ ሥራ ቦታ እንዲገባ ሥልጣን ይሰጠዋል። እኛ ግን «በዚህ ቀን እንመጣለን» የሚል ደብዳቤ መላክ ልማድ አድርገነው ነበር። የጀመርነው በክፋት አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ በር ላይ በጥበቃ ይመለሳሉ፣ «ኃላፊ የለም» ይባላሉ፣ ቀኑ ይባክናል። መኪናችን አንድ ነው። ደብዳቤው በሩን ይከፍትልናል። ችግሩ፣ ከደብዳቤው በኋላ የምናየው ሳይት የተዘጋጀ ሳይት መሆኑ ነው። ሄልሜቱ ከስቶር ይወጣል። ጉድጓዱ ዙሪያ ገመድ ይወጠራል። እኛ ስንወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ ታክሲ ሄድን። ከሲኤምሲ አለፍ ብሎ የሚሠራ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው። ድርጅቱን አልጠራውም። በሪፖርታችን ላይ አደጋው ዜሮ ነው። ከሞዴሎቻችን አንዱ ነበር።

ዙሪያውን የባህር ዛፍ መወጣጫ ከቦታል። ሁለት ልጆች ባሬላ ይዘው በጣውላው ላይ ይሄዳሉ። ሄልሜት የለም፤ አንደኛው በነጠላ ጫማ ነው። ውስጥ ስንገባ የአሳንሰሩ ጉድጓድ ሳይሸፈን አየሁት። ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ሳይ ጨለማ ነው። አጥር የለው፣ ገመድ የለው። ሠራተኞቹ ጠርዙን እየታከኩ ያልፋሉ። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ፎርማኑ የአደጋ መዝገቡን አመጣልን። ሲከፈት ተንጣጣ። ገጾቹ ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጡ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። «አደጋ የለብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

እሷ ስለ መዝገቡ አንድም ቃል አልተናገረችም። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑን ጠየቀች። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከፈተችው። አንድ መቀስና ባዶ የአልኮል ጠርሙስ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ወደ ስቶር ኪፐሩ ዞራ፣ ወንድሟን እንደምትጠይቅ ቀስ ብላ፣ «ፋሻው ሲያልቅ በስንት ጊዜ ትገዛላችሁ?» አለችው።

ልጁ የዋህ ነው። «በየሳምንቱ ነው የሚያልቀው» ብሎ የደረሰኞቹን ክምር አወጣ። ፋሻ፣ ጥጥ፣ አልኮል፣ ፕላስተር። እንደገና ፋሻ። ፎርማኑ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ማንም ካልተጎዳ ያ ሁሉ ፋሻ የማንን ቁስል አሰረ?

ደሜ ፈላ። እዚያው ላይ ላሽገው ፈለግኩ። «ትንሽ ይቆዩ ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል» አለችኝ።

ከአጥሩ ውጪ የላስቲክ ዳስ አለ። አንዲት ሴት ለቀን ሠራተኞቹ ሽሮና ፓስታ በእንጀራ ይሸጣሉ። ልጆቹ «ማዘር» ይሏቸዋል። ክፍያ የሚወጣው በየ15 ቀኑ ስለሆነ የሚያበሉት በዱቤ ነው። ተቆጣጣሪዋን ያውቋታል፤ ተሳሳሙ። እኔንም «አረፍ ይበሉ ጋሼ» ብለው አግዳሚ ወንበሩን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

በልተን ስንጨርስ «እትዬ፣ ደብተሩን ያሳዩልኝ» አለቻቸው።

ባለ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር ነው። ጥጎቹ በዘይት ወይበዋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ የልጆቹ ስም ተጽፏል፤ የአባት ስም የለም። ከስሙ ፊት የበሉበት ቀን በጭረት ተቆጥሯል። የከፈለ ይሰረዛል። ያልተሰረዙት ላይ ግን ከጎናቸው አንድ ሁለት ቃል አለ። «ወደቀ።» «እጁን።» «ሚስማር።» «ዓይኑን፣ ሀገሩ ገባ።» በጣቴ እየተከተልኩ ቆጠርኩ። 11 ናቸው።

«ይሄን ለምን ይጽፉታል?» አልኳቸው።

«ልጅ ሳይከፍል ሲጠፋ ክፉ አስባለሁ፣ ሰው ነኝ» አሉኝ። «ምክንያቱን ከጻፍኩት አልቀየመውም።»

የአንዱን ስም አሳዩኝ። ዕድሜው 19 ቢሆን ነው። ከጎጃም የመጣ ልጅ ነው። ባሬላ እንደያዘ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ። ፎርማኑ ለመታከሚያና ለመሳፈሪያ ብር ሰጠው። ጓደኞቹ ደግፈው መናኸሪያ አደረሱት። የኔ መሥሪያ ቤት ይህን አያውቅም። የምናውቀው ዜሮውን ነው።

«ከሶ ነበር?» ብዬ ጓደኛውን ጠየቅኩት።

«ምን ብሎ ይከሳል? እግሬን አዳልጦኝ ነው፣ ጥፋቱ የራሴ ነው ብሎ ነው የሄደው።»

ይህን ስሰማ ጉሮሮዬ ተዘጋ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በቃሌ ነው የማውቀው። አሠሪው ባያጠፋም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላደረሰው በቀር። እግር ማዳለጥ ሆን ብሎ አይደለም። ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል። ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅም ግዴታው ነው። ይህን ሁሉ በሥልጠና መድረክ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ለዚያ ልጅ የነገረው ግን የለም።

ወደ ታክሲ ስንሄድ «ነገ ጠዋት ይታሸጋል» አልኳት።

«የአሳንሰሩ ጉድጓድ እስኪሸፈን ሥራው መቆም አለበት፤ እሱ ላይ አንድ ነን» አለች። «ግን ጋሼ፣ ቅጣት ብቻ ይዘን ከመጣን ሌሎቹ ነገ ደረሰኙንም ይደብቁታል። የኔ አካባቢ ቁጥር የበዛው የሚጎዳ ሰው ስለበዛ አይደለም። ስለሚነግሩኝ ነው።» ትንሽ ሄደን ቆም አለች። «ያን ቀን በስብሰባው ሲናገሩኝ ጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ታዲያ ለምን ትመዘግቢያለሽ?› ነው ያለኝ።»

መልስ አጣሁ። ፎርማኑ ለአለቃው ዜሮ ያቀርባል፣ እኔም ለአለቆቼ። ልዩነቱ እኔ በግራፍ ማቅረቤ ነው። መዝግባ የመጣችውን ሰው ፊት ገሠጽኩ፤ ላልመዘገቡት ደግሞ አጨበጨብኩ። ሠራተኞቼ ከዚያ አዳራሽ ይዘው የወጡት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ አስተማሪውም እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሌላውን ሀገር ልምድ ማገላበጥ ጀመርኩ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤንነት አስተዳደር፣ ኦሻ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። በሥራ ላይ ተጎድቶ ሆስፒታል የተኛ፣ አካሉ የተቆረጠ ወይም ዓይኑን ያጣ ሠራተኛ ካለ አሠሪው በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በመጀመሪያው ዓመት 10,388 ሪፖርት መጣላቸው። እነሱ ግን ይኸው ነው ብለው አልተቀመጡም። ምናልባት ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ አልደረሰንም ብለው በይፋ ጻፉ። ያን ሁሉ አቅም ይዘው እንዲህ ካሉ እኔ በምን ልቤ ዜሮዬን አመንኩት?

በሪፖርት ቅጻችን ላይ «ከሥራ ጋር የተያያዘ በሽታ» የሚል ዓምድም አለ። ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ። በአደጋ የሚሞቱት 330 ሺህ ገደማ ናቸው፤ 2.6 ሚሊዮኑ በበሽታ ነው። ድንጋይ ሲቆርጥ አቧራውን የሚተነፍስ ልጅ ሳንባው የሚታመመው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ሳይቱም ፎርማኑም የሉም። ይህ ዓምድ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። በኔ ዘመን አልሞላነውም።

የተቻለንን ግን ቀየርን። ደብዳቤው ቀረ። ከተቆጣጣሪዎቹ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ላይ «የአደጋ ቁጥር መቀነስ» የሚለውን አወጣሁት። በምትኩ ስንት አደገኛ ነገር አገኛችሁ፣ በስንት ቀን ተስተካከለ፣ ተመልሳችሁ አያችሁት ወይ የሚል ገባ። አደጋውን ራሱ ላሳወቀ አሠሪ መጀመሪያ ለማስተካከል እንደርስለታለን፤ ደብቆ የተገኘ ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል። በየአካባቢው ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር ተነጋገርን። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ ከሠራተኞቹ ጋር እንዲበሉ ነገርኳቸው። ይህን የትም መመሪያ ላይ አታገኙትም። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመን ግን እሱ ነው።

የሚቀጥለው ሪፖርት ሲደርስ ግራፉ ሽቅብ ወጣ። እዚያው አዳራሽ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ቆምኩ። ቁጥሩን ከማሳየቴ በፊት ስለ ፋሻውና ስለ ዱቤ ደብተሩ ነገርኳቸው። ከአመራሮቹ አንዱ «ቁጥሩ ሲጨምር ማን ነው የሚጠየቀው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ከመድረክ ስወርድ ተቆጣጣሪዋን ፈልጌ፣ ስወቅሳት የሰሙ ሁሉ እየሰሙ፣ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከ11ዱ ሦስቱን አገኘናቸው። የሚገባቸው ተከፈላቸው። የጎጃሙን ልጅ ግን አላገኘነውም። ጓደኛው የሰጠን ስልክ ዝግ ነው። ሰው ልከን ነበር፤ የሰፈሩን ስም በትክክል የሚያውቅ ጠፋ።

ከወራት በኋላ ወደዚያ ሳይት ተመለስኩ። የአሳንሰሩ ጉድጓድ በየፎቁ በጣውላ ታጥሯል። ፎርማኑ ሳልጠይቀው መዝገቡን አመጣ። አሁን ሲከፈት አይንጣጣም። ገጾቹ ጠርዝ ላይ በሲሚንቶ የተለወሰ የአውራ ጣት አሻራ አለ። «ሚስማር ወጋው። ጤና ጣቢያ ተልኳል። የቴታነስ መርፌ ተወግቷል» ይላል አንዱ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩት።

ስወጣ ወደ ዳሱ ጎራ አልኩ። ደብተሩ ተቀይሯል። አሮጌው ግን ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ አለ። ገለጥኩት። የልጁ ስም እንዳለ ነው፤ ጭረቶቹም፣ «ወደቀ» የሚለውም። ኪሴ ገብቼ ዕዳውን ልክፈል አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «ይተዉት ጋሼ። ከከፈሉኝ ልሰርዘው ነው።»