ድምፁ የት ገባ? ማርክዳውንን ወደ ኤችቲኤምኤል ስቀይር የደረሰብኝ

ይህን የምጽፈው ከሦስት ወር በፊት የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ ነው። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይተርፉልኝ ነበር። አንድ ትልቅ ሰውም ባላንገላታሁ ነበር።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። በትርፍ ጊዜዬ አግዛቸዋለሁ። ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ቤት ውስጥ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ 38ቱን ትምህርቶች ድረ ገጽ ላይ እናውጣቸው ተባባልን። እያንዳንዱ አዲስ ቃል አጠገቡ የድምፅ ማጫወቻ አለው። ድምፁ የዋናው መምህር ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከቃሉ በላይ ደግሞ አነባበቡ በላቲን ፊደል በትንሹ ተጽፏል። ይህን ከላይ የሚያስቀምጠው ሩቢ የሚባለው የኤችቲኤምኤል ታግ ነው። ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ ታግ ደግሞ ጽሑፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ምልክቱ።

ትምህርቶቹን ከዎርድ ወደ ማርክዳውን ገለበጥኳቸው፤ አርእስትና ደማቅ ቃል በቀላል ምልክት የሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ቅርጽ ነው። ማርክዳውን በራሱ ድምፅም ሩቢም የለውም። ግን ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ካወጣው ጊዜ ጀምሮ መሃሉ ላይ ኤችቲኤምኤል መክተት ይቻላል። እኔም 214 የኦዲዮ ታግ ከተትኩበት።

የመረጥኩት መሣሪያ ዩኒፋይድ ነው። የጃቫስክሪፕት ነው፣ ሁሉም ነገር በፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ይሠራል። ጽሑፉን አንብቦ ሲንታክስ ትሪ፣ ማለትም የጽሑፉን አወቃቀር የሚያሳይ ዛፍ ይሠራል፣ ዛፉን ይለዋውጣል፣ በመጨረሻ ከዛፉ መልሶ ጽሑፍ ያወጣል። አርእስቱ አንድ ኖድ (የዛፉ አንጓ) ነው፣ አንቀጹም አንድ ኖድ። አንቀጹ ውስጥ ያለው ደማቅ ቃል የአንቀጹ ልጅ ነው። ሪማርክ ፓርስ የማርክዳውኑን ዛፍ ይሠራል፤ ኤምዳስት ይባላል። ሪማርክ ሪሃይፕ ያንን ወደ ኤችቲኤምኤል ዛፍ፣ ወደ ሃስት ይቀይረዋል። ሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ ደግሞ ሃስቱን ተቀብሎ ብሮውዘር የሚያነበውን ኤችቲኤምኤል ያወጣል።

መጫኑ ቀላል ነው። ፓኬጆቹን የጃቫስክሪፕት ማውረጃ በሆነው በኤንፒኤም አወረድኩ፣ በኢምፖርት ጠራኋቸው፣ አከታትዬ ደረደርኳቸው፣ ሠራ። የአማርኛ ፊደሎቹም ወደ ኮድ ሳይቀየሩ እንዳሉ ወጡ።

ገጹን ከፈትኩት። አርእስቶቹ ያምራሉ፣ ዝርዝሮቹ ያምራሉ። ወደታች ሳልወርድ ሊንኩን ለጋሼ ላክሁላቸው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ።

«ልጄ፣ ድምፁ የለም እኮ።»

«ጋሼ፣ ስልክዎ ይሆናል። ገጹን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።»

ከፈቱት። የለም። ሦስት ጊዜ አስከፈትኳቸው። በመጨረሻ «እሺ ልጄ፣ ስልኬን አሳያለሁ» ብለው ዘጉት። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነገሩን ረሳሁት። ማታ ራሴ ገብቼ ሳየው ከ214ቱ ማጫወቻ አንድም የለም።

ኤረር አልነበረም። ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ሩቢውም ጠፍቷል። «ውሃ» የሚለው ቃልና በላዩ መሆን የነበረበት የላቲን አነባበብ ያለ ክፍተት ተጣብቀው አንድ እንግዳ ቃል ሆነዋል። ታጎቹ ተነቅለው በመሃላቸው ያለው ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ ይኸው ነው። በማርክዳውኑ ዛፍ ላይ እያንዳንዱ ታግ ኤችቲኤምኤል የሚባል ኖድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው። ሪማርክ ሪሃይፕ ሃስቱን ሲሠራ እነዚህን ኖዶች ይጥላቸዋል። ለደኅንነት ነው። ከማያውቁት ሰው የመጣ ጽሑፍ ውስጥ ጎጂ ስክሪፕት ሊኖር ይችላል። በዚህ እስማማለሁ፣ የመሣሪያው መመሪያ ሰነድም ላይ ተጽፏል፣ ሳላነብ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዝም ብሎ መጣሉ ግን አሁንም ያናድደኛል። ለኦዲዮ ብቻ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቆጥረን 428 ኖድ ነው የተጣለው። አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ብትኖር ጋሼን ስልክዎ ነው አልላቸውም ነበር።

አላው ዴንጀረስ ኤችቲኤምኤል (አደገኛ ኤችቲኤምኤልን ፍቀድ) የሚባል ምርጫ አለ። ሪማርክ ሪሃይፕ ላይ ከፈትኩት። አሁን ደግሞ ታጎቹ ገጹ ላይ እንደ ጽሑፍ ወጡ፤ በየቃሉ አጠገብ ኮዱ ተዘርግፎ ይታያል። ኖዶቹ መጣላቸው ቀርቶ ሮው (ጥሬ) የሚባል ኖድ ሆነው ወደ ሃስቱ አልፈዋል። ስትሪንጊፋይ ግን የራሱ ፈቃድ ስላልተሰጠው የ < ምልክቱን አምክኖ ተራ ጽሑፍ አድርጎታል። ለካ ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው የሚጠየቀው።

እዚህ ጋ ሰነዱን ማንበብ ሲገባኝ የራሴን ፕለጊን ልጻፍ አልኩ። ሮው ኖድ ባገኘሁ ቁጥር ወደ እውነተኛ ኤለመንት እቀይረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሙሉ እሁድ በላብኝ። ዛፉን ሳትመው ያየሁት ይህ ነው፦ ሩቢን የሚከፍተው ታግ አንድ ኖድ፣ «ውሃ» አንድ ኖድ፣ አነባበቡን የሚከፍተው ታግ አንድ፣ አነባበቡ ራሱ አንድ፣ እሱን የሚዘጋው አንድ፣ ሩቢን የሚዘጋው አንድ። ስድስት ኖድ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። መክፈቻ ታግ ብቻውን ምንም ኤለመንት አይሆንም። ስለዚህ መክፈቻና መዝጊያ የሚያጣምር ኮድ መጻፍ ጀመርኩ። መዝጊያው የተረሳበት ትምህርት ሲመጣ ገጹ በሙሉ ተበላሸ። የኤችቲኤምኤል ፓርሰር፣ ታጎቹን አንብቦ ዛፍ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ከዜሮ እየጻፍኩ መሆኔ የገባኝ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ኮዱን ሰረዝኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃዱን በሁለቱም ቦታ ከፈትኩ። ድምፁ ተመለሰ። ሰነዱ የጽሑፉን ባለቤት የምታምነው ከሆነ ይህ አንዱ መንገድ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። አንድ ትምህርት ላይ አስራ ሁለት ማጫወቻ ሊኖር ይችላል፤ ሁሉም ገና ገጹ ሲከፈት ፋይሉን እንዳይጎትት ፕሪሎድን ኖን የሚያደርግ ትንሽ ፕለጊን ጻፍኩ። አስኬድኩት። ያገኘው ኦዲዮ ዜሮ ነው። ልክ ነው፤ ዛፉ ላይ ኦዲዮ የሚባል ኤለመንት የለም። ያለው ሮው ነው፣ ውስጡ የታሸገ ጽሑፍ። ዓይንህ ገጹ ላይ ያየዋል፣ ፕለጊንህ አያየውም።

መፍትሔው ሪሃይፕ ሮው ነው። ዛፉን በሙሉ ከነታሸገው ጽሑፍ ወስዶ በእውነተኛ የኤችቲኤምኤል ፓርሰር፣ በፓርስ ፋይቭ ያሳልፈዋል። የተቆራረጡት ታጎች ተገጣጥመው ሩቢው ሩቢ፣ ኦዲዮው ኦዲዮ ሆነው ይመለሳሉ። ያልተዘጋውንም ብሮውዘር እንደሚያደርገው ይዘጋዋል። እሁድ ሙሉ ያለፋኝ ነገር በአንድ መስመር አለቀ። ፓኬጁ ከበድ ይላል የሚል ቅሬታ አለ። ገጹን አስቀድሞ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ክብደቱ ተጠቃሚው ጋ አይደርስም።

ከዚያ ሪሃይፕ ሳኒታይዝን ጨመርኩ። ሌሎች መምህራንም ወደፊት ስለሚጽፉ ማጣሪያ ያስፈልገናል። እመኑኝ፣ ድምፁ እንደገና ጠፋ! አሁንም በዝምታ። ሩቢው አለ፣ ኦዲዮው የለም። የሳኒታይዝ መነሻ ዝርዝር የኮድ ማጋሪያው ድረ ገጽ ጊትሀብ የሚፈቅደውን የተከተለ ነው። ሩቢ እዚያ ውስጥ አለ፣ ኦዲዮ የለም። ዝርዝሩን ቀድቼ ኦዲዮን፣ ከሱም ጋር ኤስአርሲ (src) እና ኮንትሮልስ የሚባሉትን ሁለት አትሪቢዩት ጨመርኩ። ስሞቹን ስትጽፉ ሃስት በሚያውቃቸው አጠራር ይሁን፤ ለምሳሌ ክላስ እዚያ ክላስ ኔም ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አስከፍሎኛል። ለአርእስቶቹ መለያ የሚሰጠውን ሪሃይፕ ስላግን ከሳኒታይዝ በፊት አስቀምጬው ነበር። ሳኒታይዝ መለያው ላይ ዩዘር ኮንቴንት የሚል ቅጥያ ከፊቱ ይለጥፋል። የማውጫዬ ሊንኮች በሙሉ የማይሠሩ ሆኑ። ከኋላው ሳደርገው ተስተካከለ። አሁን የኔ ሰልፍ እንዲህ ነው፦ ፓርስ፣ ሪማርክ ሪሃይፕ ከነፈቃዱ፣ ሮው፣ ሳኒታይዝ፣ የራሴ ፕለጊን፣ ስላግ፣ ስትሪንጊፋይ።

ስትሪንጊፋይ ላይ ያለውን ፈቃድ መልሼ ዘግቼዋለሁ፤ እናንተም ዝጉት። አንድ ቀን ሮው ኖድ ሾልኮ ቢያልፍ ገጹ ላይ አስቀያሚ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። ይውጣ። የሚታይ ስህተት ይሻለኛል። ከዚህ ሌላ በማርክዳውኑ ውስጥ ስንት ኦዲዮ እንዳለ ይቆጠራል፣ በመጨረሻው ዛፍ ላይም ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልገጠመ ሥራው ይቆማል። አምስት መስመር ኮድ ናት። የመጀመሪያው ቀን ጽፌያት ቢሆን ኖሮ!

ዛፉን በየደረጃው አትማችሁ እዩ። ዩኒስት ዩቲል ኢንስፔክት የሚባለው ፓኬጅ ለዓይን በሚመች መልኩ ያወጣዋል። እኔ የመጨረሻውን ኤችቲኤምኤል ብቻ እያየሁ ነበር የምገምተው። ዛፉን ያየሁበት ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

አማርኛ ለምትጽፉ አንድ ሌላ ነገር አለ። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ከታችሁ፣ ከጥቅሱ ውጪ በሁለት ሁለት ኮከብ (**) አድምቃችሁ ቅጥያ ስትቀጥሉበት አይደምቅም። **«ውሃ»**ን ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮከቦቹ እንዳሉ ገጹ ላይ ይቀራሉ። በማርክዳውን ደንብ መዝጊያው ኮከብ ከፊቱ ሥርዓተ ነጥብ፣ ከኋላው ፊደል ካለ መዝጊያ ተደርጎ አይቆጠርም። ደንቡ ሲወጣ እንደኛ «ን» እና «ም» ቃል ላይ የሚለጥፍ ሰው የታሰበ አይመስለኝም። ስትሪንጊፋይን አትውቀሱ፤ ዛፉ ላይ ደማቅ ኖድ ጭራሽ አልተፈጠረም። ኮከቦቹን ወደ ጥቅሱ ውስጥ አስገቡ፦ «**ውሃ**»ን። ይሠራል። ለ«ም»ም እንደዚያው።

ሁሉም ሲያልቅ ለጋሼ ደወልኩ። «ስልክዎ አልነበረም ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ለካ በማግስቱ ስልካቸውን ጥገና ቤት ወስደው ስፒከሩን አስቀይረውታል፣ 60 ዶላር ከፍለው። ልመልስልዎት ብል እምቢ አሉ። ገጹን ከፍተው እዚያው እየሰማሁ አንድ በአንድ ተጫኑት። የራሳቸው ድምፅ በስልኩ ይመጣል፤ ውሃ፣ እሳት፣ እንጀራ።

«ይሄ ደህና ነው» አሉኝ። «ትምህርት 22 ላይ ግን ‹ጸሐይ› ሁለት ጊዜ ገብታለች። እሷን አስተካክልልኝ ልጄ።»