2 ሰዓት ላይ

እማማ የመድኃኒት ቤታችን ደንበኛ ናቸው። እግራቸው ስለሚያብጥ ላሲክስ 40 ይወስዳሉ። አንድ ቀን መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ስጠኝ" አሉኝ።

"እንቅልፍ እምቢ አለዎት?"

"መተኛቱንስ እተኛለሁ። ሌሊቱ ግን ስነቃ ስተኛ፣ ስነቃ ስተኛ ነው የሚነጋው።"

ዲያዜፓም በልዩ ማዘዣ እንጂ በልመና እንደማይሰጥ ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ምክር ደግሞ እወዳለሁ። ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እርስዎ ደግሞ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይላሉ፤ ቡናውን ይተዉ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። ቡና ትተዋል። ጎረቤቶቻቸው ተቀይመዋል። እንቅልፉ ያው ነው።

ሌላ ምክር ልጀምር ስል ኃላፊያችን ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች። እሷ ብዙ አታወራም። (ይሄ ነገሯ ያናድደኛል።)

"እማማ፣ ሌሊት ሲነቁ ምን ያደርጋሉ?"

"ምን አደርጋለሁ፣ ለሽንት እወጣለሁ እንጂ! በዚያ ብርድ፣ አራቴ አምስቴ።"

"ላሲክሱን መቼ ነው የሚውጡት?"

"እሱማ ይኼ ልጅ እንደጻፈልኝ ነው። 2 ሰዓት ላይ፣ ልክ የማታው ዜና ሲጀምር።"

ፓኬቱን ከፌስታላቸው አወጡት። የእኔው እጅ ጽሑፍ ነው፦ "በቀን 1 ጊዜ፣ 2 ሰዓት"። ጠዋት የሚል ቃል የለም። ላሲክስ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ 6 ሰዓት ያህል ይሠራል። ማታ 2 ላይ የዋጠ ሰው እስከ ሌሊቱ 8 ሲመላለስ ቢያድር ምን ይገርማል?

ኃላፊዬ ምንም አላለችም። ስክሪብቶዋን አወጣች፣ "ጠዋት" ብላ ጻፈችበት፣ ሁለቴ አሰመረችበት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሰዓት በነገርኳት ቁጥር "የጠዋቱ ነው የማታው?" ትለኛለች።

እማማ ከሳምንት በኋላ መጡ። አሁን ግፋ ቢል አንዴ ነው የሚነሱት። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ።

"ለመሆኑ ልጄ፣ ቡናዬን በምን ጥፋቱ ነው ያስተውከኝ?"

ካፌይን ልል አፌን ከፈትኩ። ኃላፊዬ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይጠጡ፣ እማማ" አልኳቸው።

ስለ ካፌይኑ ያልኩት ግን ልክ ነበር።