ሁለት አዲስ፣ ሁለት ያረጀ ጎማ በአንድ መኪና ላይ

የመኪናዬ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው ባለቀ ጊዜ አራቱንም ለመቀየር አቅሜ ስላልፈቀደ ሁለት አዲስ ገዝቼ ከኋላ አስገጠምሁ፤ የፊቶቹ ገና 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ስለነበራቸው ለጥቂት ወራት ያገለግሉኛል ብዬ ነበር። ጎሚስታውም ጎናቸው ላይ የተጻፈውን 215/70 አር 16 የሚለውን ልክ አይቶ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ነገረኝ።

የፊት ወይም የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ለሚነዱት መኪና አዲሶቹን ከኋላ ማድረግ ትክክለኛ ምክር ነው፤ በዝናብ ጊዜ የኋላው ክፍል እንዳይንሸራተት ይረዳል። የእኔ መኪና ግን አራቱም ጎማዎቿ ዘወትር የሚነዱ ናት፤ የፊትና የኋላውን የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችለው መሃል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የሚሠራው ቪስከስ ካፕሊንግ አለ። ይህ ዕቃ የተሠራው ጎማ አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ለአፍታ እንዲይዝ እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲፋተግ እንዲውል አይደለም።

ከሳምንታት በኋላ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ስገባ፣ ግቢ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ለማቆም ስሞክር መኪናዋ ፍሬን የተያዘ ይመስል ታንቃ ቀጥ አለች፤ ከሥሯም የጋለ ዘይት ሸተተኝ። ድሬዳዋ ተመልሼ ሳቢያን ላለ መካኒክ ሳሳያት፣ ልጁ ከሥሯ ሳይገባ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞረና «ጋሼ፣ የኋላ ጎማዎቹን መቼ ነው የቀየሩት?» አለኝ። እኔ የምጠብቀው ስለ ካምቢዮ እንዲጠይቀኝ ነበር።

በማግስቱ የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጎማዎቹ ገና ቀዝቃዛ ሳሉ የሁሉንም አየር አስተካከልን። ከዚያም እያንዳንዱ ጎማ መሬት በሚነካበት ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገን መኪናዋን በሲሚንቶው ወለል ላይ ቀጥ አድርገን ገፋናት። የፊቱ ጎማ አሥር ዙር ሞልቶ ምልክቱ መሬት ሲነካ፣ የኋላው ምልክት ገና አንድ ስንዝር ያህል ይቀረው ነበር፤ ጥርሱ ያነሰው የፊቱ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ የበለጠ ይዞራልና። እንዲህ ያለ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 450 ዙር ያህል ስለሚዞር ልዩነቱ በየኪሎ ሜትሩ ወደ አራት አምስት ዙር ይደርሳል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የሐረር መንገድ ላይ ደግሞ ከ200 ዙር ያልፋል። ያ ሁሉ ካፕሊንጉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ካፕሊንጉን ማስቀየሬ አልቀረም፤ የተከፈለውም ቆጥቤያለሁ ካልሁት ከሁለቱ ጎማዎች ዋጋ እጅግ በለጠ።

ሁለቱ አሮጌዎች ወጥተው የአዲሶቹ ዓይነት ሁለት ተጨመሩ። ምርቱና ዓይነቱ አንድ መሆኑን ያጠበቅሁት፣ ጎን ላይ ያለው ቁጥር ቢመሳሰልም ሁለት ፋብሪካዎች የሚሠሩት ጎማ ዙሪያ ሊለያይ ስለሚችል ነው። አንዳንድ መኪና አምራቾች በጥርስ ጥልቀት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አይፈቅዱም፤ የእኔ 5 ነበር።

ፎር ዊሉ በማርሽ የሚገባ ፒካፕ ያላቸው ሰዎች በሁለት ጎማ ሲነዱ ይህ አይገጥማቸውም፤ ነገር ግን በደረቅ አስፋልት ላይ ካስገቡት የፊትና የኋላው አንድ ላይ ስለሚታሰር ማርሹ አልወጣ ይላቸዋል።

አሁን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ስኮርታውን ጨምሬ አምስቱንም አፈራርቃለሁ፤ አዲስ ሆኖ የተቀመጠ ስኮርታ መንገድ ላይ ሲገባ ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣልና። የግራር እሾህ ከጥገና በላይ ያበላሸው ጎማ ሲኖር ደግሞ አዲስ አልፈልግም፤ የጥርስ ጥልቀት መለኪያዬን ይዤ ያገለገለ ጎማ ወደሚሸጥበት ሄጄ ጥርሱ ከሌሎቹ ጋር የሚቀራረበውን እመርጣለሁ።