“እስከ መቼ?” የሚል አባል

የፓርላማ ስብሰባ ሲተላለፍ ቁጭ ብዬ የማይ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እኔ የምጠብቀው ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ሚኒስትሩ “እየተሠራበት ነው” ሲሉ “እስከ መቼ?” የሚል አለ? ብዙ ጊዜ የለም። ጭብጨባ፣ ቀጣይ አጀንዳ።

ዋናው ሥራ ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን ይሆናል፤ ገንዘብ የሚያወጣው ራሱን እንዳይመረምር። ከጀርባው የኦዲት ሪፖርት አለ። መንግሥትም ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ተቀብያለሁ ወይም አልቀበልም ብሎ በጽሑፍ ይመልሳል። በጣም የምወደው ይህን ነው። እምቢታውም ቢሆን ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ በኋላ አላልኩም ማለት የለም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ለኮንግረሳቸው የራሱን የበጀት ቢሮ አቋቋሙለት። ያለ ባለሙያ ወፍራም የበጀት ሰነድ የታቀፈ ተመራጭ ምን ያድርግ? እጁን አውጥቶ ያጸድቃል እንጂ።

ውክልናን በተመለከተ፣ በሩዋንዳ የታችኛው ምክር ቤት ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን የትም አገር ቢሆን ቀጥዬ የማየው የኮሚቴ ሰብሳቢነቱን ማን እንደያዘ ነው።

የሕዝብ ውይይት የሚባለው ደግሞ አንዳንዴ ያናድደኛል። አንድ መድረክ ላይ የሕጉን ረቂቅ ያደሉን በእረፍት ሰዓት ነበር። መቼ አንብበን መቼ እንጠይቅ? ቀድሞ ይሰጠን። ከዚያ የቱ አስተያየት እንደተካተተ፣ የቱ ለምን እንደተጣለ አንድ ገጽ ይጻፍልን።