ንጋት እየቆጠርን የመረጥነው ጫካ

በመካከለኛው አሜሪካ ባለችው በኮስታ ሪካ ካርታ ላይ ሞንቴቬርዴና ላ ፎርቱና የሚባሉ ሁለት የጫካ አካባቢዎች ጎረቤታሞች ናቸው። እንደ ወፍ በቀጥታ ቢበር በመካከላቸው ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ተጓዦቹ እናቴና እኔ ነን፤ በእጃችን ያለው ስድስት ሌሊት ነው። ወደ ባሕር ዳርቻ እንደማንሄድ ገና ከመነሻው ተስማምተን ነበር። እናቴ አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል ምኑ ዕረፍት እንደሆነ አይገባትም፤ እኔ ደግሞ ዝናብ የማይለየውን ጫካ የማየት ምኞት ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አድጓል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሰንጠረዥ መሥራት ነበር። በአንዱ ዓምድ የላ ፎርቱናን በረከት ደረደርኩ፦ የአሬናል እሳተ ገሞራ፣ 70 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ፏፏቴ፣ ፍል ውሃው፣ ሐይቁ። በሌላው ዓምድ የሞንቴቬርዴን ጻፍኩ፦ ደመና፣ ወፎች፣ ተንጠልጣይ ድልድዮች። በቁጥር ላ ፎርቱና አሸነፈች። ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው በሌሊት ቀይ ድንጋይ ወደ ታች ሲያንከባልል የሚያሳየው የተራራው ፎቶግራፍ ነበር። አሬናል በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በድንገት ፈንድቶ መንደሮችን ያጠፋ፣ ከዚያም ለ40 ዓመታት ያህል እሳት ሲተፋ የኖረ ተራራ ነው። ይሁን እንጂ ከ2010 ጀምሮ ጸጥ ብሏል። ይህን ያወቅኩት ሆቴል ልይዝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ፎቶግራፉ መቼ እንደተነሣ ሳልጠይቅ ጉዞዬን ሁሉ በእሱ ላይ ልመሠርት ነበር። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም የጉዞ ሥዕል ሳይ መጀመሪያ ዓመቱን እጠይቃለሁ።

ቀጥሎ የመጣልኝ የብዙ ሰው መፍትሔ ነው፦ እኩል መካፈል። ሦስት ሌሊት እዚህ፣ ሦስት ሌሊት እዚያ። ዕቅዱን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው ጫካ ውስጥ ሆነን የሚነጋልን?» አለችኝ።

ቆጠርኩ። አንዱ ንጋት ወደ ሌላው ከተማ በማለዳ ለመነሣት ተይዟል፤ አንዱ በጀልባ ወንዝ ለመውረድ፤ አንዱ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሳን ሆሴ ለመመለስ። ከስድስቱ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከዶሮ ጩኸት ቀድማ የምትነሣ ሴት ስለሆነች ጥያቄው ለእርሷ ተራ ጥያቄ ነበር። ለእኔ ግን ሰንጠረዤን ከንቱ አደረገው። የዝናብ ጫካ የሚታየውም የሚሰማውም በንጋት ነው። ወፉ የሚዘምረው፣ ጦጣው ምግብ ፍለጋ የሚወርደው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ከረፋዱ በኋላ ጫካው ዝም ይላል፤ በቀትር የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ቅጠል አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ቀን መቁጠሬን ትቼ ንጋት መቁጠር ጀመርኩ፤ ጥያቄውም «የትኛው ብዙ የሚታይ ነገር አለው?» መሆኑ ቀርቶ «ንጋቴን ለማን ልስጥ?» ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ላ ፎርቱና ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሙቀቷም ወበቋም የቆላ ነው፤ ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ አይለያትም። የሞንቴቬርዴ መንደሮች ደግሞ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የተከለለው ጫካ ከዚያም ይወጣል። ወበቅ እናቴን ያደክማታል። ወደ ፏፏቴው ለመውረድ 500 ያህል ደረጃ አለ፤ የወረደ ደግሞ መውጣቱ አይቀርም፤ ጉልበቷ ይህን እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ ፍል ውሃውን ስትሰማ ፊቷ በርቶ ስለነበር ልነፍጋት አልፈለግኩም። አምስቱን ንጋት ለሞንቴቬርዴ፣ የመጨረሻዋን አንዷን ለላ ፎርቱና ሰጠን። መጋቢት ውስጥ ሄድን፤ ጥርን የተውነው በዚያ ወር ከፍታው ላይ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው።

ሞንቴቬርዴ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚታየው ነገር ሁሉ ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው። ከካሪቢያን ባሕር የሚነሣው ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ የቲላራንን ሰንሰለታማ ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመናው መሬት ላይ ይተኛል። ዛፎቹ ያንን ደመና በቅጠላቸው ያበጥሩታል። ሰማዩ ሳይዘንብ ከሥር የቆመ ሰው ይረጥባል። አስጎብኚያችን ግንዱ ላይ እንደ ስፖንጅ የበቀለውን አረንጓዴ ለምለም ቀስ ብሎ በሁለት ጣቱ ሲጫነው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። አንዱ ዛፍ በጀርባው ሌሎች ዕፅዋትን፣ ኦርኪድ ሳይቀር፣ በመቶ የሚቆጠሩ አዝሎ ይቆማል። እናቴ ግንዱን በእጇ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች።

በሦስተኛው ንጋት ኬትሳል የሚባለውን ወፍ አየን። ያለ አስጎብኚ አናየውም ነበር፤ ለጉዞው ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በጣም የረካሁበት ለአስጎብኚው የከፈልኩት ነው። የሚጠብቀው ወፉን ሳይሆን ዛፉን ነበር፦ የጫካ አቮካዶ የሚሉት፣ ፍሬው ከወይራ ብዙም የማይበልጥ ዛፍ። ኬትሳል ፍሬውን ሙሉውን ውጦ ዘሩን ይተፋዋል፤ ጫካውን የሚዘራ ገበሬ ማለት ነው። አረንጓዴው ጅራቱ ከአካሉ ይረዝማል። ሲበር ጅራቱ ከኋላው እንደ ሪባን ይውለበለባል። እናቴ የርቀት መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ በሌላው እጇ ክንዴን ጨብጣ ቀረች።

በዚያው ቀን ስለ ወርቃማው ጉርጥ ሰማን። በእነዚህ ተራሮች ላይ ብቻ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይኖር ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1989 ነው፤ ያውም አንድ ብቻ። የተከለለ ቦታ ውስጥ ያለ ፍጡር እንዴት ይጠፋል? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ጫካው የተረፈው በቀላሉ አይደለምና። በ1951 ኩዌከር የሚባሉ፣ ጦርነትን የሚቃወሙ የክርስትና እምነት ተከታይ ቤተሰቦች፣ ይህች አገር ሠራዊቷን በ1948 ማፍረሷን ሰምተው ከአሜሪካ መጥተው እዚህ ሰፈሩ፤ የውሃቸውን ምንጭ ለመጠበቅም የተራራውን ጫፍ ሳይመነጥሩ ተዉት። በ1972 ጥብቅ ስፍራ ሆነ። በ1987 ደግሞ የስዊድን ተማሪዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩና በአጠገቡ ዛሬ ከ20,000 ሄክታር በላይ የሆነ የልጆች ጫካ ተወለደ። እናቴ ስለ ወፉ ከምታወራው ይልቅ ስለ እነዚያ ልጆች የምታወራው ይበልጣል።

ያጠፋሁትም አለ። ማረፊያ የመረጥኩት በመስኮቱ እይታ ነበር። ከዋናው መንገድ ያለውን ዳገት አልጠየቅኩም፤ ባለቤቶቹም አልነገሩኝም። 300 ሜትር የማይሞላ ርቀት ነው፤ ለታመመ ጉልበት ግን ተራራ ነው። በየማታው መኪና መጥራት ነበረብን። ሌሊቱ እንደሚበርድም አውቅ ነበር፤ ለራሴ ሹራብ ይዤ እርሷ ስስ ነጠላ ብቻ መያዝዋን ሳላይ ቀረሁ። ከአረጋዊ ጋር የሚጓዝ ሰው የእርሳቸውን ሻንጣ አብሮ መክፈት አለበት።

ወደ ላ ፎርቱና ስንሻገር የተማርኩትን ተጠቀምኩበት፦ ንጋቱን ጫካ ውስጥ አሳልፈን የተነሣነው ጫካው ዝም ካለ በኋላ ነው። በመኪና ሐይቁን መዞር ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። እኛ ወደ ሐይቁ በመኪና ወርደን በጀልባ ተሻገርን፤ ማዶ ሌላ መኪና ጠበቀን። የአሬናል ሐይቅ በ1979 በተሠራው ግድብ ሰፍቶ አሮጌውን የአሬናል ከተማ የዋጠ ነው፤ ዛሬ ለአገሪቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ተራራው ጀልባው ላይ ሆነን ሊታየን ይገባ ነበር። ያየነው ግን እግሩን ብቻ ነው፤ ከወገቡ በላይ ደመና ለብሷል።

ማታ ካፊያ እየወረደ ፍል ውሃው ውስጥ ገባን። ከላይ ቀዝቃዛ ጠብታ፣ ከታች ሙቀት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እስከ አንገቷ ሰጥማ ጉልበቷን ስታሽ ሳያት ለዚህ ቦታ አንድ ሌሊት ብቻ መስጠቴ ቆጨኝ። ላ ፎርቱናን ከሚታዩ ነገሮቿ ቁጥር ነጥዬ ያየኋት ያኔ ነው፤ ደክሞት ለመጣ ሰው ይህች ከተማ ደግ ናት። ከአረጋውያን ጋር የሚሄድ ቢጠይቀኝ ዛሬ አራትና ሁለት እለዋለሁ፤ ሞንቴቬርዴ ቀድማ፣ ፍል ውሃው በኋላ።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ በረንዳው ላይ አገኘኋት። ፊቷን ወደ ተራራው አድርጋ ተቀምጣለች። ደመናው አልተነሣም። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ከሩቅ የሚጮኸውን ጦጣ አዳመጥን። መኪናው ሲመጣ የተራራውን ጫፍ አላየንም።

«ለዚህኛውስ ስንት ንጋት ይበቃዋል?» አለችኝ፣ ሻንጣዋን እያቀበለችኝ።