አፍንጫህን ዝጋና ተንፍስ

«ህልም ላይ መሆኔን አወቅኩ፣ ወዲያው ነቃሁ» ይላል አንድ ልጅ ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ለጓደኛው። እያለሙ ህልም መሆኑን ማወቅን የሚለማመድ ጀማሪ ሁሉ ችግር ነው፤ ደስታው ራሱ ያባንናል። በዚያች ቅጽበት መብረር አያምርህ፤ መጀመሪያ እጆችህን አፋትግ፣ ግድግዳውን ዳስስ። ህልሙ ረጋ ይላል።

ህልም ይሁን እውን ማጣሪያው አፍንጫ ነው። በሁለት ጣት ጥርቅም አድርገህ ዝጋና ለመተንፈስ ሞክር፤ ህልም ከሆነ አየሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይገባል። ቀን ላይ ደጋግመው፣ ግን ከልብህ እየጠረጠርክ። ለወጉ ካደረግከው ህልምህም ላይ ለወጉ ታልፈዋለህ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከተኛህ አላርም ለሌሊቱ 9 ሙላ፤ ረጃጅሞቹ ህልሞች የሚመጡት ወደ ንጋት ነው። 20 ደቂቃ ነቅተህ ቆይ (ስልክ ሳትነካ!)፣ ያለምከውን ደብተር ላይ ጻፍ፣ «ቀጥሎ ሳልም ህልም መሆኑን አውቃለሁ» እያልክ ተኛ። በየሌሊቱ ግን አይደለም፤ በማግስቱ ሥራ ከሌለ ብቻ።